ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ምን ይሠራል? የድሬዳዋ ሙቀትና የሐረር ማለዳ ያወሳሰቡት ክርክር

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀንም የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አሮጌ መኪናን ጠግኖ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ተፈላጊ፣ መለዋወጫ መግዛትም ከቀድሞው የበለጠ ከባድ ሆኗል። ያልተበላሸውን ዕቃ በግምት መቀየር ድሮም ኪሣራ ነበር፤ አሁን ግን ኪሣራው የአንድን ታክሲ የሳምንታት ገቢ ሊወስድ ይችላል።

ድሬዳዋ ውስጥ በዚህ ረገድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። መኪናው ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፤ ነገር ግን ከዚራ ወይም ሳቢያን መንገድ ላይ ቆም ሲል፣ በተለይ ኤሲው ሲከፈት፣ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ጸጥ ይላል። ሚኒሞ የሚባለው የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ጥፋቱን ባትሪው ላይ የሚጥሉ አሉ፤ «ከተነሣ በኋላ ባትሪ ምን አገባው?» ብለው የሚስቁባቸውም አሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ያዩትን ነው፤ ያዩት ግን በአንድ ዓይነት ሞተር ላይ አይደለም። በዚህ ላይ የድሬዳዋ አየር ራሱ ነገሩን ያደናግራል። ደጋ አገር ባትሪ መድከሙን የሚያስታውቀው ጠዋት ሞተሩን አክብዶ በማዞር ነው። በቆላ ያ ምልክት ስለሚዘገይ፣ ድካሙ መጀመሪያ የሚታየው ወይ በሞተሩ አካሄድ ላይ ነው፣ ወይም መኪናው ሐረር ባደረበት ማለዳ።

ክርክሩ ከየት መጣ?

«ባትሪ ሥራው ማስነሣት ብቻ ነው» የሚለው እምነት ሥሩ ናፍጣ ሞተር ላይ ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች፣ ከባቡር ጥገና ወርክሾፕ ጋር ያደገች፣ በጅቡቲ መስመርና በአወዳይ ጫት ንግድ የጭነት መኪናን የለመደች ከተማ ናት፤ ናፍጣን በደንብ ታውቀዋለች። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚቀጣጠለው አየሩ በብርቱ ሲታመቅ ከሚፈጠረው ሙቀት ነው፤ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። በቆዩት ኢሱዙዎችና በመሰሎቻቸው ላይ ነዳጁን እየለካ የሚገፋው ፖምፓም ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚዞር ሜካኒካዊ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር አንዴ ከተነሣ ኤሌክትሪክ የሚያሻው፣ ካሻውም፣ ነዳጅ የምትዘጋዋን ትንሽ ቫልቭ ክፍት አድርጎ ለመያዝ ያህል ነው። ባትሪው የሞተ ኢሱዙ በግፊ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በእሱ ልምድ የተነገረው ነገር በእሱ ላይ እውነት ነው።

ሐረር ውስጥ በታክሲነት ለረጅም ዘመን ያገለገሉት የቤንዚን ፔጆ 404 መኪናዎች ሌላ ምድብ ናቸው። ቤንዚኑን የሚስበው ፖምፓ ሜካኒካዊ፣ ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ነው፤ ካንዴላው የሚፈነጥቀው ብልጭታ ግን ቮልትን አብዝቶ ከፍ ከሚያደርገው ቦቢና ይመጣል፣ ቦቢናው ደግሞ የሚመገበው ከባትሪው መስመር ነው። እዚህ ላይ ባትሪው በሞተሩ ሥራ ውስጥ አንዲት በር አግኝቷል።

ዛሬ መንገዱን በሞሉት ኮሮላና ቪትዝ ላይ በሩ ብዙ ነው። ቤንዚኑን ከታንከሩ የሚገፋው ፖምፓ ኤሌክትሪክ ነው፤ ነዳጁን የሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ አፍንጫዎች፣ ኤሌክትሪክ ናቸው፤ ቦቢናዎቹም፣ ሁሉን የሚመራው ኮምፒውተርም፣ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋንም እንደዚሁ። በኮምፒውተር የሚመሩት አዳዲስ ናፍጣ ሞተሮችም ከዚህ ምድብ ይቆጠራሉ። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ቮልቱ ሲዛባ የሚዛባው ዕቃ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ስለዚህ «ባትሪ ለማስነሣት ብቻ» የሚለውን አባባል ከኢሱዙው አውርዶ ቪትዙ ላይ መጫን ስሕተት ነው።

ባትሪ «ደከመ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የተለመደው የመኪና ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፣ የሞላና ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። በየክፍሉ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሳህኖች በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረዋል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ የሳህኖቹ ፊት ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣል፣ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውኃነት ይቀርባል፤ ሲሞላ ነገሩ ይገለበጣል። ግን ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም። ሳይሞላ ለሳምንታት በቆየ ባትሪ ላይ ሰልፌቱ ይጠጥርና ቻርጅ የማይፈታው ቅርፊት ይሆናል፤ ይህ ሰልፌሽን ይባላል። ከዚህ ሌላ ሳህኖቹን የያዘው የእርሳስ መረብ በጊዜ ብዛት ይበላል፣ የሚፈረፈረውም ብናኝ ታች ተጠራቅሞ ሁለት ሳህኖችን ሊያገናኝ ይችላል።

የእነዚህ ሁሉ ውጤት የውስጥ ተቃውሞ መጨመር ነው፤ ይኸውም ባትሪው በውስጡ ያለውን ኃይል ወደ ውጭ ለማውጣት መቸገሩ ማለት ነው። ሁለት ባትሪዎች በቴስተር ሲለኩ እኩል 12.6 ቮልት ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ዕቃ፣ የሚጠይቀውን 150 አምፔር ያለ ጭንቀት ይሰጣል፤ ሌላው ሲጠየቅ ወዲያው 8 ቮልት ላይ ይወድቃል። ቆሞ የተለካ ቮልት ብቻውን ስለ ባትሪው ጤና ብዙ የማይናገረው ለዚህ ነው። «ለካሁት፣ ደህና ነው» ተብሎ የተመለሰ ባትሪ በማግስቱ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ሲገኝ ጥፋቱ የቴስተሩ ሳይሆን የጥያቄው ነው።

ዲናሞውና ባትሪው ሥራ እንዴት ይከፋፈላሉ?

ሞተሩ ሲሠራ ዋናው የኤሌክትሪክ ምንጭ ባትሪው እንዳልሆነ «ምን አገባው» ባዮች በትክክል ተናግረዋል። ምንጩ በቺንጋ፣ ማለትም በሞተሩ ቀበቶ፣ እየተጎተተ የሚዞረው አልተርኔተር ነው። በጋራዥ ቋንቋ ዲናሞ ይባላል፤ በጥብቅ ትርጉሙ ግን ዲናሞ ከአልተርኔተር በፊት የነበረው፣ በቀጥታ ቀጥተኛ ጅረት የሚያመነጨው ዕቃ ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋጭ ጅረት ነው፤ በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይቀይሩታል፣ ሬጉሌተር የሚባለው መቆጣጠሪያም ቮልቱን ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ክልል ይይዘዋል። የስም ልዩነቱ ለንጽሕና ያህል የተነሣ አይደለም፤ በኋላ ገመድ ነቅሎ ስለመፈተሽ ሲነገር ይመለስበታል።

ችግሩ አልተርኔተር ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር መሆኑ ነው። በሚኒሞ ላይ ከተጻፈለት አቅም ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። እንግዲህ በግንቦት ምሽት ኤሲውን ከፍቶ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ የቆመ ቪትዝ እናስብ። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ የኤሲው አየር መንፊያ 15፣ የራዲያተሩ ፋን ሌላ 10 ወይም 15፣ የነዳጅ ፖምፓው፣ ቦቢናዎቹ፣ ኢንጀክተሮቹና ኮምፒውተሩ ተደምረው ወደ 10 አምፔር። ድምሩ ሃምሳ ይጠጋል። አልተርኔተሩ በሚኒሞ 35 ብቻ ከሰጠ ቀሪውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ጤነኛ ባትሪ ለዚያች አምስትና አሥር ደቂቃ ሳይታወቅበት ይከፍላል፣ መኪናው ሲንቀሳቀስም ያበደረውን ያስመልሳል። የደከመው ግን ቮልቱን ይዞት ይወርዳል፤ መብራቱ መፍዘዝ፣ ክላክሱም መላላት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከዚህ ሌላ ባትሪው እንደ ማረጋጊያ ያገለግላል። ፋኑ ድንገት ሲነሣ ወይም የኤሲው ኮምፕሬሰር ሲያዝ የሚፈጠረውን የቮልት መዝለልና መውደቅ ባትሪው ይውጠዋል፣ የውኃ ጋን የቧንቧን መቆራረጥ እንደሚሸፍን ማለት ነው።

ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ላይ የሚደርሰው

በዝርዝር ሲታይ ጉዳቱ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከብልጭታው እንጀምር። በቦቢና ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል በውስጡ የሚያልፈውን ጅረት በራሱ አባዝቶ የሚገኝ ነው፤ ጅረቱ ደግሞ ቮልቱን ይከተላል። የመሙያ ጊዜው ካልተለወጠ ቮልቱ ከ14 ወደ 11 ሲወርድ የብልጭታው ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በኮምፒውተር የሚመሩ መኪናዎች ይህን አውቀው ቦቢናውን ረዘም ላለ ጊዜ ይሞላሉ፣ ስለዚህ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ አይሰማም። የድሮው ፔጆ ይህን ማካካሻ አያውቅም፤ ካንዴላውም ያረጀ ከሆነ ሞተሩ መቆራረጡን ሾፌሩ ወዲያው ይሰማዋል።

ኢንጀክተሩም እንዲሁ ነው። ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ ለመከፈት ጥቂት ጊዜ ይፈጅበታል፣ ቮልት ባነሰ ቁጥር ያ መዘግየት ይረዝማል። በሚኒሞ ላይ ኢንጀክተሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሺህኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ብቻ ስለሆነ ትንሿ መዘግየት የነዳጁን መጠን ለማዛባት ትበቃለች። ኮምፒውተሩ ቮልቱን እየለካ ይህንንም ያካክሳል። የሚያስቸግረው በዝግታ የወረደ ቮልት አይደለም፤ የሚዋዥቅ ቮልት ነው። ተርሚናሉ የላላ ወይም ነጭና አረንጓዴ ዝገት የጋገረ፣ ወይም ባትሪውን ከሞተሩና ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው አሉታዊ ገመድ የተበላ ከሆነ፣ ቮልቱ ከኮምፒውተሩ ማካካሻ ቀድሞ ይዘላል። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ አዲስ ባትሪ ቢገዛም መንቀጥቀጡ አይለቅም፤ ችግሩ የባትሪው ሆድ ውስጥ አልነበረምና። አንድ መቶኛ ኦም የሆነች ዝገት፣ በተራ ቴስተር ለማየት እንኳ የምታስቸግር፣ 150 አምፔር ሲያልፍባት 1.5 ቮልት ትበላለች።

ሦስተኛው መንገድ በቆላ ከተማ ከሁሉ የሚከፋው ይመስለኛል፤ በክርክሩ ውስጥ ግን እምብዛም አይነሣም። የራዲያተሩ ፋን ቮልት ሲጎድልበት በዝግታ ይዞራል። የውጭው አየር 35 ዲግሪ በሆነበት፣ መኪናው በቆመበትና ኤሲው በሚሠራበት ሰዓት የፋኑ መዘግየት የሞተሩን ሙቀት ያንረዋል። እንዲህ በጋለ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱም፣ የውኃ ፖምፓውም፣ ራዲያተሩም ሊጠረጠሩና ሊቀየሩ ይችላሉ፣ ከሁሉም በስተጀርባ ያለው የፋኑ ቮልት ሆኖ ሳለ።

የመጨረሻው መንገድ ሸክም ነው። በባትሪው ውስጥ አንዱ ክፍል በሳህኖች መገናኘት ከሞተ የሚቀሩት አምስት ክፍሎች 10.5 ቮልት የሚሰጡ ናቸው፤ አልተርኔተሩ ግን እንደ ሙሉ ባትሪ ቆጥሮ በ14 ቮልት ሊሞላቸው ይሞክራል። ባትሪው ይግላል፣ ውኃው እየፈላ በጋዝ ይወጣል፣ አልተርኔተሩም ያለ ዕረፍት ይጫናል። 35 አምፔር በ14 ቮልት ግማሽ ኪሎ ዋት ያህል ነው፤ በአልተርኔተሩ ውስጥ የሚባክነው ሲታከል ከሞተሩ ጉልበት ወደ አንድ ኪሎ ዋት የሚጠጋ ይወሰዳል። አንድ ሊትር የሚይዝ ትንሽ ሞተር በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ይህ አይታወቀውም። በሚኒሞ ላይ ግን ያለው ጉልበት ራሱን ለማዞር ከሚበቃው ብዙም አይበልጥም፤ የኤሲው ኮምፕሬሰር ሲጨመርበት ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋልም። እንግዲህ በመግቢያው የተጠቀሰው ምልክት ባትሪው ሊያመጣው ይችላል ማለት ነው፤ ብቻውን ግን የባትሪ ማስረጃ አይሆንም፣ የቆሸሸ የአየር መግቢያም ልክ እንዲሁ ያደርጋልና።

ነዳጅን በተመለከተ ግን የተጋነነ ነገር አለ። የታመመ ባትሪ ሳያቋርጥ 20 አምፔር ይስባል ብንል፣ በስሌት ለዚያ የሚቃጠለው ቤንዚን በሰዓት ከአንድ ሊትር አንድ አምስተኛ አይዘልም። ለቀኑን ሙሉ ሠራተኛ ታክሲ ይህ ከቁም ነገር ይገባል። «ባትሪ ስቀይር ነዳጁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ወሬ ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ሙቀት ይገድላል፣ ብርድ ያጋልጣል

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፣ ኮፈኑ ሥር ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በባትሪ ውስጥ ሳህኑን የሚበላው ኬሚካዊ ሥራ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይፋጠናል። ባለሙያዎች ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል የሚል ልማዳዊ ስሌት ይጠቀማሉ። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ አቅጣጫው ግን ልክ ነው፣ ቆላ የኖረ ባትሪ ደጋ ከኖረው ቀድሞ የሚሞትበትን ምክንያትም ያስረዳል። ለሞቃት አገር በሚዘጋጁ ባትሪዎች ላይ አሲዱ ቀጠን ተደርጎ፣ ክብደቱ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ከ1.28 ወደ 1.24 ገደማ ወርዶ የሚሞላውም ይህን ለማዘግየት ነው።

ሆኖም ያው ሙቀት ጉዳቱን ይደብቃል። የሞቀ ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው አነስተኛ ነው፤ የሞተሩ ዘይት ቀጭን ስለሆነም ሞተሪኖው ብዙ አይታገልም። ግማሽ አቅሙን የጨረሰ ባትሪ ድሬዳዋ ላይ ጠዋት ጠዋት ሳያንገራግር ሲያስነሣ ከርሞ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ዝም ይላል። ወይም መኪናው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐረማያ ወይም 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሐረር በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ያድራል። ከ25 ዲግሪ በታች በየዲግሪው የባትሪ አቅም በግምት አንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ዘይቱም ይወፍራል። የተረፈችው አቅም አትበቃም። ሾፌሩ «ሐረር ባትሪዬን ገደለችብኝ» ቢል አይፈረድበትም፣ ነገር ግን ባትሪው የሞተው ቆላ ላይ ነው፤ ሐረር ያደረገችው ማሳወቅ ብቻ ነው።

የአጭር መንገድ ጉዳይም በዚህ ላይ ይጨመራል፣ ብዙ ጊዜ በሚታሰበው መንገድ ባይሆንም። አንድ ጊዜ ማስነሣት የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ 150 አምፔር ለሁለት ሰከንድ ከአንድ አሥረኛ አምፔር-ሰዓት በታች ነው፣ 45 አምፔር-ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ባትሪውን የሚያደርቀው ሞተር ጠፍቶ የሚሠራው ሬዲዮ፣ በነዳጅ ሰልፍ ላይ የበራ መብራት፣ ያለ ጥንቃቄ የተገጠመ አላርም ነው። ሁሉ ነገር ጠፍቶ እንኳ መኪና 0.05 አምፔር ያህል መሳቡ የተለመደ ነው፤ ይህ በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ፣ ሦስት ሳምንት ግቢ የቆመ መኪና ግማሽ ባትሪውን ሊያጣ ይችላል። በግማሽ የቆመ ባትሪ ላይ ሰልፌሽን ሥራውን ይቀጥላል።

የድሬዳዋ ውኃና የተጨመረ አሲድ

ሙቀት ውኃን ያተናል፤ ክዳናቸው የሚከፈት ባትሪዎች ውኃ መጨመር የሚያስፈልጋቸው ለዚህ ነው። የሚጨመረው የተጣራ፣ በተለምዶ ዲስትል የሚባለው ውኃ መሆን አለበት። የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ ኖራና ማዕድን የበዛበት መሆኑ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ በሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ይታወቃል፤ ከተማዋ ለሲሚንቶ ፋብሪካዋ ጥሬ ዕቃ የምታገኝበት ያው የኖራ ድንጋይ አገር ናት። እነዚያ ማዕድናት ሳህኖቹ ላይ ይቀራሉ፣ ባትሪው በራሱ እንዲደክምም ያደርጋሉ።

ከዚህ የባሰው አሲድ መጨመር ነው። የደከመ ባትሪ ላይ አሲድ ሲጨመር ቮልቱ ለጊዜው ከፍ ስለሚል መድኃኒት የተገኘ ይመስላል። የጎደለው ግን ውኃ ነው፤ አሲዱ አልተነነም፣ ከፊሉ በሰልፌት መልክ ሳህኑ ላይ አለ። የተጨመረው አሲድ መረቡን በፍጥነት ይበላዋል። ሰልፌሽኑ ገና ከሆነ በዝቅተኛ አምፔር ለብዙ ሰዓት ቀስ ብሎ መሙላት አንዳንዴ ይመልሰዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አግሎ የሚሞላ ፈጣን ቻርጅ ግን፣ በተለይ በሞቀ ቀን፣ የቀረውን ዕድሜ ያሳጥራል።

ሞተር እየሠራ ገመድ ነቅሎ መፈተሽ

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል፣ ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ደህና ነው» ብሎ መፍረድ፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የጋራዥ ልማድ ነው። በጥንቱ ዲናሞና በካርቡራተር ዘመን ጉዳቱ ጥቂት ስለነበር ልማዱ ያለ ምክንያት አልተወለደም። በአልተርኔተር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው ድንገት ሲነቀል አልተርኔተሩ ወደ ባትሪው ይልከው የነበረው ጅረት መሄጃ ያጣል፤ ሬጉሌተሩ እስኪደርስበት ድረስ ለአፍታ ቮልቱ ወደ ብዙ አሥርቶች ሊዘል ይችላል። ዳዮዶቹን፣ ሬጉሌተሩን፣ አልፎም ኮምፒውተሩን የሚያቃጥለው ያች አፍታ ናት። ልማዱን የሚከላከሉ «መቶ ጊዜ አድርጌው ምንም አልሆነም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም የዝላዩ መጠን በዚያች ቅጽበት ባትሪው ምን ያህል ይስብ እንደነበር ይወሰናል። ይሁን እንጂ በጥቂት ብር ቴስተር የሚታወቀውን ነገር ለማወቅ ኮምፒውተርን ማስያዝ ተገቢ ንግድ አይመስልም።

ባትሪውን ነቅሎ መመለስ ሌላም ግርግር ያስነሣል። ብዙ መኪናዎች ሚኒሞን ለመጠበቅ በጊዜ ብዛት የተማሩትን ልክ በማስታወሻ ይይዛሉ፣ ባትሪ ሲነቀልም ይረሱታል። አዲስ ባትሪ የገባለት መኪና ለአንድ ሁለት ቀን ሚኒሞው ቢዋዥቅ «የተሸጠልኝ ባትሪ መጥፎ ነው» ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ይበጃል። ከሌላ መኪና በገመድ ሲያስነሡም የመጨረሻውን ጥቁር ገመድ ከደከመው ባትሪ ላይ ማሰር አይገባም፤ ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ይታሰር፤ ከባትሪው የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል።

ባትሪው የማይጠየቅበት

ደንገጎን ሲወጣ ጉልበት ያጣ መኪና ባትሪውን መውቀስ የለበትም። ከድሬዳዋ እስከ ዳገቱ ራስ ከፍታው ከ800 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ከስምንት በመቶ በላይ የሚሆነው የሚሄደው ከአየሩ መቅጠን ጋር ነው። የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የደከመ የነዳጅ ፖምፓ ወይም የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ቀሪውን ያስረዳል። ቮልቱ ከ13.8 በላይ ከሆነ ባትሪው በጉልበት ማጣት ውስጥ እጅ የለውም ማለት ይቻላል።

በቴስተር መለየት

ሦስት ልኬቶች አብዛኛውን ክርክር ይዘጋሉ። ሌሊቱን ያረፈ ባትሪ ጠዋት ከ12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ግማሽ የቀረው፣ 12 ደግሞ ሊያልቅ የደረሰ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ባትሪው ሞልቶ ሳለ፣ የውስጥ ተቃውሞው ጨምሯል። ሞተሩ ሲሠራ መብራትና ኤሲ ተከፍተው ቮልቱ ከ13 በታች ከሆነ ዓይን ወደ አልተርኔተሩ፣ ወደ ቺንጋውና ወደ ገመዶቹ ይዞራል፤ ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ባትሪውን እያፈላው ነው፣ አዲስ ባትሪ ቢገባም በዚያው ዕጣ ይሄዳል። ሁለተኛውን ልኬት ድሬዳዋ ላይ በጠዋት ማድረግ፣ ከቀትር በኋላ በጋለ ሞተር ላይ ከማድረግ ይሻላል፤ የቀኑ ሙቀት የሚደብቀውን የጠዋቱ አየር በጥቂቱም ቢሆን ይገልጠዋል።

በኤሌክትሪክ መኪናዎች መብዛት ይህ ሁሉ ያከትማል የሚል ግምት ይሰማል። ከፊሉ ያከትማል፤ ሞተሪኖ፣ ካንዴላና ኢንጀክተር የላቸውም። ነገር ግን ከትልቁ ባትሪ ሌላ አብዛኞቹ በሩን፣ መብራቱን፣ ኮምፒውተሩንና ትልቁን ባትሪ ከመስመሩ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ የሚያሠራ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው፣ በብዙዎቹም ላይ ያው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እያለ መኪናው አይበራም፤ በግፊም አይነሣም።